የአቡ ሀዲል ቤንዚን

ጅዳ፣ ጃሚዓ
ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐሩን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ለዓይንዎ ብርሃኑን፣ ለእጅዎ ብርታቱን አያጓድልብዎ። እናቴን ከሚሪያን «ልጅሽ ደህና ነው» ይበሉልኝ፤ ታላቅ ወንድሟ ነዎትና ስለ እኔ ማልቀሷን እንድትተው ቆጣ ይበሏት።

እኔና ልጅዎ ሚስከር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን፣ እሷ ፎቅ ላይ ከአሠሪያችን ሚስት ከማዳም ጋር እየሠራች፣ እኔ በሩ ሥር ባለችው የሹፌር ክፍል፣ ሳንነጋገር ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን ስለማውቅ ለዑምራ የመጣ የኮምቦልቻ ሰው እስካገኝ ጠብቄ ነው የጻፍኩት።

አጎቴ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የመኪና ምክር። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ የያዘው ከፊሌና አሠሪዬ አቡ ሀዲል አንድ ትልቅ ፒካፕ አለው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ አምስት ነጥብ ሰባት ሊትር ሞተር። እናቱ መካ ዛሂር ስለሚኖሩ በሳምንት ሦስት አራቴ ከጅዳ መካ እመላለሳለሁ። ቤንዚን እዚህ ከውሃ ይረክስ ስለነበር ስንት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አልነበረም። የፈረንጆቹ ዓመት ሲገባ ግን ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው እንቅልፍ የለውም። በዚያ ላይ ከሰኔ ጀምሮ ሴቶች መኪና እንዲነዱ ተፈቅዷል፤ ሴት ልጁ ሀዲል ከአሁኑ ልምምድ ይዛለች።

ባለፈው ጁሙዓ ከመስጊድ ስንመለስ፣ «ያ ፉአድ፣ ሀዲል መንዳት ስትጀምር አንተ ምን ትሠራልኛለህ?» አለኝ። «መኪናው ይበላል፣ አንተም ትበላለህ። ከሁለት አንዳችሁን መቀነሴ ነው።» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

አሁን በመቶ ኪሎ ሜትር ሃያ ሦስት ሊትር ይወስዳል። «አሥራ ስድስት አድርስልኝና ኢቃማህን አድስልሃለሁ፣ ሀዲል ብትነዳም ትቆያለህ» ብሎኛል። አጎቴ፣ ጋራዥዎ ውስጥ ያሳደጉኝ ልጅዎ ነኝ። እዚህ ካሉት መካኒኮች ይልቅ የእርስዎን እጅ አምናለሁ።

የእህትዎ ልጅ ፉአድ

አባ፣ እኔ ነኝ ሚስከር። ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፣ ብታየኝ አታውቀኝም። ያንን ሳልህን ታከምበት።


ኮምቦልቻ
የካቲት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፉአድ፤

ወዐለይኩም ሰላም። የላክኸውን መንገደኛ አላህ በሰላም አገባው፣ ደብዳቤህን ከነላቡ አስረከበኝ። ከሚሪያ ደህና ናት። ቆጣ በላት ስላልከኝ ተቆጣኋት፣ ብሳ አለቀሰች።

ልጄ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሞተር የምሰማው በጆሮዬ ሳይሆን በመዳፌ ነው፤ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ። ያንተን መኪና መዳሰስ ባልችልም ሕመሙን አውቀዋለሁ። ትልቅ ሞተር እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፤ ሳይሠራም ይበላል።

መጀመሪያ ከኋላው ያለውን ግሳንግስ አውርድ። የዐረብ ፒካፕ ላይ ብረት፣ በርሜል፣ ድንኳን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የኋላ በሩን ግን ከፍተህ እንዳትነዳ፤ ነፋስ ያሳልፋል የሚሉህ ሞኞች ናቸው፤ ይልቅ ጭነቱን በሸራ ግጥም አድርገህ ሸፍነው። ጎማህን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ አስነፋ። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አንሣው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ሞተሩ በጨርቅ ታፍኖ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው፣ ጣለው። ካንዴላዎቹን ስምንቱንም ለውጥ፤ ሰባቱን ለውጦ አንዱን የሚተው ሰው አይቻለሁ።

ደግሞ ረጅም መንገድ ሄደህ ስትቆም አራቱንም ቸርኬ በእጅህ ጀርባ ንካቸው። አንዱ ለብቻው ካቃጠለህ ፍሬኑ ይዞ ነው የሚሄደው። ያንን ሳታስለቅቅ ሌላውን ሁሉ ብታደርግ ከንቱ ነው።

እግርህ ደግሞ ይለስልስ። መቶ ሠላሳ የሚነዳና ዘጠና አምስት የሚነዳ መካ የሚደርሱት በሩብ ሰዓት ልዩነት ነው፤ የቤንዚኑ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው።

ከሁሉም በላይ ቆመህ ሞተር አታስጓራ። ማቀዝቀዣውን ከፍተህ ስትቆም ያ ሞተር በሰዓት ሁለት ሊትር ተኩል ይጠጣል፤ የትም ሳይሄድ! ያ የሌባ ቤንዚን ነው። ቆምክ? አጥፋው። ለደቂቃም ቢሆን አጥፋው።

ሚስከርን ሳሌ ለቆኛል በላት። በዓይንህ ጠብቅልኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለእኔ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

አጎትህ ሐሩን


ጅዳ፣ ጃሚዓ
ሚያዝያ 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐሩን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እጅዎን አላህ ይባርከው፤ ከአፍዎ የወጣው ሁሉ እዚህ ወርቅ ሆነ!

የኋላ ቀኝ ቸርኬው ነው ያቃጠለኝ። መካ ሩሰይፋ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጀማል የሚባል ሰው አለ፤ አያቶቹ ከወሎ መጥተው መካ የቀሩ ናቸው። እሱ ፍሬኑን ፈትቶ ሲያየው፣ «ይህንን ሳያይ የነገረህ ማነው?» አለኝ። «ኮምቦልቻ ያለ ደንቆሮ መካኒክ» ስለው አላመነኝም። ከኋላ የነበረውን የብረት ቋትና ሁለት በርሜል አወረድኩ። ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ባነሣው እንደ ግድግዳ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ተኩል ደርሻለሁ!

አቡ ሀዲል በእንግዶቹ ፊት ጠርቶ ያስቆመኛል። «ይህ ሐበሻ ከመሐንዲስ ይበልጣል፣ ሞተር ያስጾማል» ይላቸዋል። ስድስት ዓመት ስሜን በትክክል ጠርቶት የማያውቅ ሰው አሁን ትከሻዬን ይዞ ነው የሚያወራው። አጎቴ፣ ሰው መሆን እንዲህ እንደሚጥም ረስቼው ነበር።

ቆሞ ሞተር ማስነሣት ኸላስ ቀርቷል። እሱም ደንብ አድርጎታል። ማዳም ውስጥ ካለች አይጠፋም፤ እኔና ሠራተኛዋ ብቻ ስንሆን ግን ይጠፋል። አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ነው የቀረኝ።

የእህትዎ ልጅ ፉአድ

አባ፣ ፉአድ ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሌላ ማውራት ትቷል። ማዳም ገበያ ስትገባ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሠራተኛ ትጠፋለች ተብሎ በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ ሞተሩ ሲጠፋ መስኮቱም አይወርድም። በቀደም ራሴን ስቼ ነበር። ስነግረው ይስቃል። አንተን ይሰማሃልና ንገረው።


ኮምቦልቻ
ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፉአድ፤

ረመዷን ሙባረክ። ከአንደበትህ የወጣው ደስታ እኔንም አጠገበኝ፤ ደብዳቤህን ጋራዥ ውስጥ ላሉት ሁሉ አነበብኩላቸው። «ዐረብ አገር ያለ መኪና ከዚህ ሆኖ የሚያክም» እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽህም።

አሥራ ሰባት ተኩል ላይ ከቆመ የሚቀርህ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። እሱ ሲያረጅ ሞተሩ ሳይራብ ይጎርሳል። ጀማልን ጠይቀው፣ ቀላል ሥራ ነው።

ሚስከር ስለ ሙቀት የጻፈችውን አየሁ። ልጄ፣ እናትሽ የሐርቡ ቆላ ሴት ነበረች፤ ያንቺ ዘር በፀሐይ አይቀልጥም። ትንሽ ታገሺው፣ ወንድምሽ እንጀራው ላይ ነው ያለው። ፉአድ፣ አንተም ውሃ ስጣት።

አጎትህ ሐሩን


ጅዳ
ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐሩን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ለጤናዎ እንዴት ነዎት? ሰው ስላላገኘሁ ነው የዘገየሁት።

ሚስከርን ትንሽ አሟት ነበር። ሰኔ ላይ፣ ከዒድ በኋላ፣ ዛሂር የአቡ ሀዲል እናት ቤት ሰገነት ላይ ምንጣፍ ስታጥብ ፀሐይ መታት። ሐኪም ቤት ተኝታ አሁን ተሽሏታል። እነ ማዳም አገሯ ገብታ ትረፍ ብለው ትኬት ቆርጠውላታል። ነሐሴ ሰባት አዲስ አበባ ትገባለች፤ ሰው ይላኩ፣ ወይም ራስዎ ይሂዱ። አያስቡ። ልጅ ናት፣ ይመለስላታል።

ለእናቴ ሰላም ይበሉልኝ።

ፉአድ


ኮምቦልቻ
ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለፉአድ፤

ወዐለይኩም ሰላም።

ሚስከር ገብታለች። ጎረቤቴን ሩቂያን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ተቀበልኳት። በወንበር እየተገፋች ነው የወጣችው። መጀመሪያ አልፌያት ሌላ ሰው ስፈልግ ነበር።

ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። ብርጭቆ ስታነሣ ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈሳል። ያ ሁሉ ይሁን። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ ሰው የሚለኝን የማነበው ከከንፈሩ ነው። የሚስከርን ከንፈር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከክፍሉ ማዶ ሆና ስታወራኝ ቃል አይጎድለኝም ነበር። አሁን ከንፈሯ አይታዘዛትም። ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግማ ትናገራለች፤ እኔ ፊቷ ላይ አፍጥጬ ምንም አላነብም። ሩቂያ የምትሰማው እንኳ ከሦስት ቃል አንዱን ነው። ልጄ ቤቴ ገብታ ሳናወራ አንድ ወር ሊሞላን ነው።

ደሴ ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። ሙቀት አንጎሏን ጎድቶታል፣ ሚዛኗንና ንግግሯን የሚይዘውን ክፍል። ከዚያ፣ «የተዘጋ ቦታ ነበረች እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ሰገነት ላይ ነበረች አልኩት። ባለማመን ራሱን ነቀነቀ። ሚስከር አጠገባችን ተቀምጣ ስታየኝ ነበር። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ፉአድ፣ ባለፈው ደብዳቤህ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልነበረም። ልጄ የት ነበረች?

ሐሩን


ጅዳ
ጥቅምት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐሩን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የልቤን ኀዘን አላህ ያውቀዋል።

ከእንግዲህ አልደብቅዎም። መኪናው ውስጥ ነበረች። ከዛሂር የድግስ ዕቃ ጭነን ስንመለስ ነው። አቡ ሀዲል ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ገባ፣ እኔን ሥራ ላከኝ። ስመለስ ወድቃለች። ሰገነት በል ያለኝ እሱ ነው፤ ሌላ ብናገር ኢቃማዬን እንደሚሰርዝ ምሎልኛል። እኔ ምን ላድርግ?

አጎቴ፣ ይህን ልጽፍ አልፈለግኩም፤ ግን ሁሉንም በእኔ ላይ አያድርጉት። ሞተሩ ይጥፋ የሚለው ነገር የመጣው ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። «ለደቂቃም ቢሆን አጥፋው» ነው ያሉት። እሷም ጽፋልዎ ነበር። ታገሺው ብለው የመለሱላት እርስዎ ነዎት።

ፉአድ


ኮምቦልቻ
ጥር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለፉአድ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ኅዳር ላይ ነው። ሳነበው ቆሜ ነበር፣ ስጨርስ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በማግሥቱ ጋራዡን ዘጋሁ። አርባ ቀን ሙሉ መፍቻ አልነካሁም። እውነትህን ነው፤ ጽፋልኝ ነበር፣ ሳቅኩባት። ልጄን በገዛ ብዕሬ እንደገደልኳት ቆጥሬ፣ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። አንተም ያንን ፈልገህ ነው የጻፍከው።

ሚስከር አየችኝ። ምግብ ሳልነካ ስመልስ አየችኝ። አንድ ቀን ደረቴ ኪስ ውስጥ ያለውን ደብዳቤህን በጥርሷም በእጇም ስባ አወጣችው። ወለሉ ላይ ዘርግታ አነበበችው። ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ጋራዥ ወረደች፣ ጎማ የማሰምርበትን ጠመኔ አነሣች።

ሁለት ቀን ፈጀባት። ፊደሉ የክንድ ያህል ነው፤ አንዳንዱን ሦስቴ ነው የጻፈችው፣ እጇ እየሸሸባት። ሩቂያ ልትደግፋት ስትል በክርኗ ገፋቻት። ግድግዳው ላይ ያለው ይህ ነው፦

አቡ ሀዲል አልነበረም።
ሩሰይፋ። ጀማል ሱቅ።
ቁልፍ ፉአድ ኪስ።
መስታወት መታሁ።
ደወልኩ።
ስልኩን አይቶ ኪሱ ከተተ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። የመጨረሻው መስመር እውነት ነው? አየኸው? እናትህ ገና አልሰማችም። በየሳምንቱ መጥታ ሚስከርን ታያትና «የእኔ ልጅ ባይኖር ኖሮ እዚያው በቀረች ነበር» እያለች ታመሰግንሃለች። መልስህ እስኪመጣ እንደዚያው ትበል።

ሐሩን


መካ፣ ዛሂር
ሰኔ 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሐሩን፤

ሰላምታ ላቀርብ አፌ አይደፍርም፤ ቢሆንም አሰላሙ ዐለይኩም።

አይቼዋለሁ።

እንደሆነው እነግርዎታለሁ። አቡ ሀዲልና ማዳም ዛሂር ቀሩ፤ እኔ ሚስከርንና የድግሱን ዕቃ ይዤ ጅዳ እንድመለስ ተላክሁ። የፊቱ ወንበር እስከ ጣሪያው ምንጣፍና ትሪ ነበር፤ እሷ ከኋላ። ያዘዝኩት ሴንሰር መጥቶ ነበርና ሩሰይፋ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። «ሁለት ደቂቃ» አልኳት። ቀኑ እኩለ ቀን ነበር።

ጀማል ሱቁ በር ላይ ሻይ አቀረበ፤ የመኪናው መስታወት ጥቁር ስለሆነ ከውጭ ውስጡ አይታይም። ሌሎች ሹፌሮችም ነበሩ። ከሃያ ሦስት እንዴት ይህን ያህል እንዳወረድኩት ጠየቁኝ፣ ማውራት ጀመርኩ። ስልኬ ጠራ፣ ስሟን አየሁ፣ ኪሴ ከተትኩት። ሦስቴ። ጀማል፣ «መኪናው ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። «የቤት ሠራተኛዋ ናት» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። የአጎቴ ልጅ ናት አላልኩም። እሱም፣ «ቢያንስ አስነሥተህ ማቀዝቀዣውን ክፈትላት» አለኝ።

አጎቴ፣ ያኔ ያሰብኩትን አልደብቅዎም። የዚያን ቀን ጉዞ በመኪናው መቁጠሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ አሥራ ስድስት ላይ ነበር። ባስነሣው ያልፋል ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጥኩ። ስከፍት ቆዳዋ ደርቆ ነበር፣ ላብ እንኳ አልነበራትም። ሐኪም ቤት በር ላይ አቡ ሀዲል በስልክ «ሰገነት በል» አለኝ፤ ያ እውነት ነው። ቁልፉን ያዘ ያልኩት ውሸት ነው። ቁልፉ ከእኔ አልወጣም።

ሀዲል መስከረም ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣች። አቡ ሀዲል ፒካፑን ሸጦ ትንሽ መኪና ገዛላት፣ እኔን ለሌላ ከፊል አስተላለፈኝ። አሁን መካ ሆቴሎች ምንጣፍ አጥባለሁ።

ዘንድሮ ሐጅ ላደርግ አስቤያለሁ። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ዐረፋ መቆም ፈራሁ። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ እርስዎም እሷም አውፍ በሉኝ።

ፉአድ


ኮምቦልቻ
ሐምሌ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለፉአድ፤

ይህን ሩቂያ ናት የምታመጣልህ፤ አላህ ሐጅ ወፍቋታል። በእጅህ እንድትሰጥህ እንጂ ከሰው ጋር እንዳትልክ አስጠንቅቄያታለሁ።

እውነቱን ስለጻፍክ አንድ ሸክም ከላዬ ወርዷል፤ የራሴ ግን እንዳለ ነው። እናትህ ሰምታለች። እኔ ነኝ የነገርኳት። ሦስት ቀን ከቤቷ አልወጣችም። በአራተኛው ቀን ውሃ አሙቃ መጣች፣ ሚስከርን አጠበቻት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትመጣለች። ያንተን ስም አታነሣም፤ እኛም አናነሣባትም።

እኔ በበኩሌ አውፍ ብዬሃለሁ። የምልህ ስለወደድኩህ አይደለም፤ እኔም ስላጠፋሁ፣ እኔም ስለምለምን ነው። የእሷን ግን አባቷ ብሆንም ልሰጥህ አልችልም። ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የቤት ሠራተኛዋ ናት» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች፣ ደግመህ አንብበው ማለቷ ነው። ደገምኩት።

ወረቀትና እርሳስ ጠየቀች። ሁለት ጠዋት ወሰደባት። የጻፈችውን ሳልነካ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ።

ሐሩን


ፉአድ

ሰማሁ
አሁን አይሆንም
ገና ማንኪያ መያዝ እየተማርኩ ነው

ሚስከር